ድረሱልኝ ለማለት የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ሲኖራችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የስልክ ታሪካችን ሲነሳ ሁላችንም የምናውቃት ወሬ አለች። ዐፄ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ተቆጡ የምትለዋ። ክፍል ውስጥ ስናወራት ተማሪ ይስቃል፣ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያልቃል። እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን የሚያስቅ ጉዳይ አይደለም። ቤት ሲቃጠል፣ እናት ምጥ ሲይዛት፣ መንደር ሲወረር ቀድመው የሚደርሱ ሰዎች አሉ። የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የወረዳው ፖሊስ። እነዚህ ሰዎች በምን ነው የሚጠራሩት? ያ መጠራሪያስ ከጥንት ጀምሮ በማን እጅ ነው ያለው?

ጥያቄው ከአሶሳ ሲታይ ከአዲስ አበባ እንደሚታየው አይደለም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ሽቦው ወዴት ነበር የሚሄደው?

የአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር በ1880ዎቹ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የተዘረጋው ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር። ልብ በሉ፣ ሽቦው የሄደው ራስ መኮንን ወዳሉበት ነው። እኚሁ ራስ መኮንን በ1890 ጦር ይዘው ወደ እኛ ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ፤ አካባቢው በማዕከላዊ መንግሥት ሥር የገባውም በዚያ ዘመቻ ነው። ጦሩ እስከዚህ ደረሰ፤ ሽቦው ግን ገና ብዙ ዘመን ይቀረው ነበር። ያኔ ስልክ ማለት ከላይ ትእዛዝ የሚወርድበት፣ ከታች ወሬ የሚወጣበት የመንግሥት ዕቃ ነው። በዚህ እኛ ብቻ አልነበርንም፤ በብዙ አገር እንዲሁ ነው የተጀመረው።

ሌላው ዓለም መንገድ የቀየረው በአንድ የመርከብ አደጋ ነው። በፈረንጆቹ 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም በሬዲዮ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማች። በአቅራቢያዋ የነበረችው የካሊፎርኒያን መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ግን መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት የሬዲዮ ሕግ አወጣ። በ1914 ደግሞ መንግሥታት ተሰብስበው ትልልቅ መርከቦች ሌሊትም ቀንም ጥሪ የሚያዳምጥ ሰው እንዲኖራቸው ተስማሙ። እንግዲህ መንግሥት ሬዲዮን ለመቆጣጠር ያቀረበው ትልቁ ምክንያት የድረሱልኝ ጥሪ ሳይሰማ እንዳይቀር ነበር ማለት ነው። የእኛ ቁጥጥር ግን ከቤተ መንግሥት ተነሳ፤ «ማን ምን አወራ?» የሚለው ቀደመ፣ «ማን ሳይሰማ ቀረ?» የሚለው ወደ ኋላ ቀረ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1945፣ ቴሌኮሙኒኬሽን ራሱን በቻለ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ቦርድ ሥር ሆነ። ሥራው ሰፋ፣ ከተሞች ተገናኙ። ስልክ ግን የከተማና የቢሮ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ደርግ በ1977 ረሃብ ጊዜ ከወሎና ከሌላም ቦታ ሕዝብ እያመጣ አሶሳና ፓዌ ሲያሰፍር ሰፋሪው ለአገር ቤት ዘመዱ «ደርሻለሁ፣ በሕይወት አለሁ» የሚልበት ስልክ አልነበረውም። ደብዳቤ ነበር፤ እሱም ከደረሰ። ዛሬም አሶሳ ዙሪያ «አምባ» እያልን በቁጥር የምንጠራቸው መንደሮች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ለእነሱ የአደጋ ጊዜ ኔትወርክ ማለት ኡኡታ ነበር። ጩኸት ደግሞ የሚሰማው ጎረቤት እስካለ ድረስ ነው።

አንድ ሽቦ፣ ሁለት ሥራ

ከ1983 በኋላ ሕጉ ተለወጠ። አዋጅ ቁጥር 49/1989 አገልግሎት የሚሰጠውን ኮርፖሬሽንና የሚቆጣጠረውን ኤጀንሲ ለየ። በወረቀት ላይ ተለያዩ፤ ሁለቱም የመንግሥት ነበሩ። ከዚያ ሞባይል መጣ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ በ2000 መባቻ እንደተከፈተ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኅዳር 20 ቀን 2003 ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ከዚያም የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ። ይህ አዋጅ ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ከውጭ ያስገባን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100,000 እስከ 150,000 ብር ይቀጣል። ያለፈቃድ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል።

ያን ጊዜ የብዙ ሰው ክርክር «በኢንተርኔት መደወል ሊያሳስር ነው ወይ?» የሚል ነበር። የሳተላይት ስልክና የሬዲዮ መገናኛ የሚያስፈልገው የእርዳታ ሠራተኛ ጉዳይ ብዙም አልተነሳም።

በዚያው ዘመን ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር በጸጥታ እየሆነ ነበር። ከ1995 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ። ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ማደል ጀመረ። እናቶች ቤት ከመውለድ ጤና ጣቢያ ወደ መውለድ የዞሩት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ግን አምቡላንሷን የሚጠራት ምንድን ነው? የግል ሞባይል! የሹፌሩ ቁጥር በቀበሌው ይታወቃል፣ ይደወላል፣ ይመጣል። የቀይ መስቀሉ 907፣ የፖሊሱ 991፣ የአዲስ አበባው እሳት አደጋ 939 ሁሉም የሚሠሩት እኔና እናንተ «እንዴት ዋላችሁ» በምንባባልበት በዚያው መስመር ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ለአደጋ ሠራተኞች የተለየ መስመር የማበጀት ሥራ ከባድ ትምህርት ከተገኘ በኋላ ነው የመጣው። በፈረንጆቹ 2001 ኒውዮርክ ላይ ሕንጻዎቹ ሲመቱ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ሆነው ሁለተኛው ሕንጻም ሊወድቅ መሆኑን አይተው አስጠነቀቁ። የፖሊሱና የእሳት አደጋው ሬዲዮ አይገናኝም ነበርና ማስጠንቀቂያው በዚያ መንገድ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አልደረሰም። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። አሜሪካ ለአደጋ ሠራተኞች ቅድሚያ የሚሰጥ ልዩ ኔትወርክ በሕግ ያቋቋመችው ከዚያ 11 ዓመት ዘግይታ፣ በ2012 ነው። እንግዲህ ሀብታሙም አገር በአንድ ቀን አላገኘውም።

ለምን ከአሶሳ?

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ክልላችንን በካርታ የሚያይ ሰው አንድ መሬት ይመስለዋል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። መተከል ከዓባይ ወዲያ ነው፤ ለረጅም ዘመን የጎጃም አካል ነበር። አሶሳና ካማሺ ከዓባይ ወዲህ ናቸው፤ ከወለጋ ጋር የተሳሰሩ። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ባምባሲን አልፈን በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢ፣ በነቀምቴ ነው የምናልፈው። ወደ ካማሺ ለመድረስም በወለጋ በኩል መዞር አለ። ስለዚህ ጎረቤት ላይ መንገድ ወይም መስመር ሲዘጋ እኛም አብረን እንዘጋለን። በክልላችን የተሰጠ ትእዛዝ ባይኖርም!

መስከረም 16 ቀን 2011፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ጊምቢ ላይ ከአጎራባች የኦሮሚያ ባለሥልጣናት ጋር ስብሰባ ቆይተው ሲመለሱ የነበሩ አራት የካማሺ ዞን አመራሮች መንገድ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቀናት ውስጥ ከ70,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። መንገዱ ተዘጋ፣ እርዳታ ወደ ካማሺ መግባት አቃተው። መኪና በማይሄድበት ጊዜ የቀረው መገናኛ ስልክ ብቻ ነው፤ ማን ቆሰለ፣ ማን ጫካ ገባ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት አለው የሚለውን የምታውቀው በእሱ ነው።

በዓመቱ ወለጋ ተዘጋ። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ሞባይሉም፣ የቤት ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጉዳዩ ላይ መግለጫ ያወጣው ሦስተኛው ወር ሲጀመር ነው። እስቲ ካርታውን መልሳችሁ ተመልከቱ። ከባድ ሕመምተኛ ከአሶሳ በሪፈር ወደ ነቀምቴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ አምቡላንሱ ምዕራብ ወለጋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። መንዲ ላይ ጎማ ቢፈነዳ፣ ነጆ ላይ ኦክስጅን ቢያልቅ፣ ሹፌሩ ለማን ነው የሚደውለው? ለማንም። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ዝም ያለ አገር ነው።

በዚህ መሐል መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ። «ምልክቱን ካያችሁ 8335 ደውሉ» ተባለ። ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ሬዲዮው ይናገራል። ስልክ የሌለው የወለጋ ገበሬ ግን በምን ይደውል? መስመሩ የተከፈተው መጋቢት 22 ነው። 18 ቀን ሙሉ አንዱ የመንግሥት እጅ «ደውሉ» ሲል ሌላው እጅ ስልኩን ዘግቶ ይዞ ነበር።

መተከል

በ2013 የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። አንዳንዶቻችሁ ቤተሰብ ያጣችሁበት ነውና በጥንቃቄ ነው የምነካው። ኅዳር 5 ድባጤ ወረዳ ውስጥ በአውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች እንደተገደሉ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ። ታኅሣሥ 13 ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል መጥተው ነዋሪውን አነጋገሩ። በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን ንጋት ላይ፣ ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ ጥቃት ደረሰ። ኮሚሽኑ መጀመሪያ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አሳወቀ። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ ከ200 አለፈ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከማን ነው የመጣው? አስከሬን ሲሰበስቡና ሲቀብሩ ከነበሩት ከቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ነው።

የጉዳዩ ቋጠሮ ይህ ይመስለኛል። አምቡላንስ የሚጠራው ሰውና የሞተውን የሚቆጥረው ሰው አንድ ናቸው። የድረሱልኝ ጥሪ የሚሄድበት መስመርና «እዚህ ይህን ያህል ሰው አለቀ» የሚለው ወሬ የሚወጣበት መስመርም አንድ ነው። ወሬው እንዳይወጣ የፈለገ መንግሥት መስመሩን ሲዘጋ ጥሪውንም አብሮ ይዘጋዋል። ሁለቱን የሚለይበት መሣሪያ አላበጀም፤ እንዲለይ የሚያስገድደው ነገርም እስካሁን አላየሁም።

በዚያው ዓመት ይህ ነገር ከስልክ አልፎ ሬዲዮ ላይ ደረሰ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ ነበር፤ የእርዳታ ሠራተኞች በሳተላይት መሣሪያ ላይ ተንጠለጠሉ። ሐምሌ 2013 ላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የድንበር የለሽ ሐኪሞችን የሆላንድ ቅርንጫፍ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ለሦስት ወር አገደ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የሳተላይት ሬዲዮ መሣሪያ ያለፈቃድ አስገብቶ ተጠቅሟል የሚል ነበር። የሐኪም ሬዲዮ የክስ ጭብጥ ሆነ ማለት ነው። አሶሳ ላይ ረጅም አንቴና የተከሉትን የእርዳታ መኪኖች ሁላችንም እናያቸዋለን። ከሸርቆሌና ከባምባሲ የስደተኞች ጣቢያ ጋር በዚያ ነው የሚነጋገሩት። ያ አንቴና የሚቆመው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም ስልኩን የሚዘጋው መንግሥት ነው።

የመንግሥትን ወገንም እንስማ

ተማሪዎቼ «አንድ ወገን ብቻ አትጻፉ» እያልኩ ስለማስተምር እኔም ልጠብቀው። መንግሥት የሚለው ባዶ ነገር አይደለም። ታጣቂም ስልክ ይይዛል። የጦር እንቅስቃሴ በስልክ ይነገራል። የጥላቻ ቅስቀሳ በአንድ ሌሊት መንደር ለመንደር ያጋጫል፤ እኛ ይህን በወሬ የሰማነው አይደለም፣ አይተነዋል። ያለፈቃድ የገባ ሬዲዮም በማን እጅ እንደሚወድቅ ማንም እርግጠኛ አይሆንም። በ2011 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ሲሉ ብዙ ሰው ተናደደ። እሺ፣ ፌስቡክ አየር አይደለም እንበል። ያለ እሱ ስንት ሺህ ዓመት ኖረናል። ደም ለሚፈሳት ወላድ ግን ለአምቡላንስ የሚደወለው ስልክ ምንድን ነው? እሱማ አየር ነው።

ደግሞም ምርጫው «ሁሉንም ክፈት» ወይም «ሁሉንም ዝጋ» ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2011 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የባቡር ድርጅቱ ተቃውሞ ለመከላከል ጣቢያዎቹ ላይ የሞባይል ኔትወርክ ለጥቂት ሰዓት አጠፋ። ወዲያው የተነሳው ጥያቄ «በዚያ ሰዓት ለፖሊስና ለአምቡላንስ መደወል የፈለገ ሰውስ?» የሚል ነበር። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪም ጉዳዩን ለሕዝብ ውይይት አቀረበው። ሕንድም አለች። ጥር 1 ቀን 2012፣ ወለጋ በተዘጋ ልክ በሳምንቱ፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ካሽሚር ባሳለፈው ውሳኔ መስመር ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት እንደማይቻልና የመዝጊያ ትእዛዝ ለሕዝብ መታተም እንዳለበት ወሰነ። ሕንድ መዝጋቷን አልተወችም፤ አሁንም ብዙ ትዘጋለች። ግን ትእዛዙ ወረቀት አለው፣ ወረቀቱን ይዘህ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ። የወለጋን ትእዛዝ ለማንበብ የፈለገ የታሪክ ተማሪ ግን የትኛውን ወረቀት ይክፈት?

ለእርዳታ ሠራተኞች መሣሪያም የዓለም ልምድ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ታምፔሬ ላይ የተፈረመና በ2005 ሥራ ላይ የዋለ ስምምነት አለ። ዓላማው በአደጋ ጊዜ የመገናኛ መሣሪያ ድንበር ላይ በቢሮክራሲ እንዳይታሰር ማድረግ ነው። መሣሪያውን አትቆጣጠሩ አይልም። ሰው እየሞተ ጉምሩክ ላይ ወር አታስቀምጡት ነው የሚለው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አሁን አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አለ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ሳፋሪኮምም በ2015 ሥራ ጀምሯል። ሞገድና የስልክ ቁጥር የሚያድለው ይኸው ባለሥልጣን ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ እንደ ታሪክ መምህር ግን ሦስት ነገር እላለሁ።

1. መስመር ሲዘጋ እንኳ 907ን፣ 991ንና የወረዳ አምቡላንስ ቁጥሮችን ከመዘጋት የሚያስቀር ግዴታ በግልጽ ይጻፍ፤ በቴሌውም በሳፋሪኮሙም ላይ። የታወቁ ቁጥሮችን ለይቶ ክፍት መተው የማይቻል ነገር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው የሚፈልገው።

2. የመዝጊያ ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁን። ማን አዘዘ፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የግል ግንኙነትን ያስከብራል፤ ገደብም በሕግ ብቻ ነው ይላል። በአፍ የሚሰጥ ትእዛዝ ታሪክ የለውም፤ የሚጠየቅበትም ሰው የለም።

3. የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ቀይ መስቀል የራሳቸው ፈቃድ ያለው የሬዲዮ መገናኛ ይኑራቸው፤ በተለይ እንደ ካማሺ፣ ጉባና ማኦ ኮሞ ላሉ ራቅ ላሉ ቦታዎች። ለጸጥታ ኃይሉ ሬዲዮ አለ። ለአዋላጇስ?

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በ2011 ካማሺ፣ በ2012 በወለጋ መንገድ፣ በ2013 መተከል ላይ አምቡላንስ ስትነዱ፣ ሰው ስታዋልዱ፣ ቁስለኛ ስትሸከሙ የነበራችሁ አላችሁ። ከእናንተ ውስጥ አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ ነበራችሁ። መስመር በጠፋ ቀን እንዴት ተጠራራችሁ? በእግር ሰው ላካችሁ? ጉብታ ላይ ወጥታችሁ ከሌላ ወረዳ ኔትወርክ ፈለጋችሁ? ሞተር ሳይክል ያለው ልጅ ነበር? ይህ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም፤ ያልደረሰ ጥሪ አይመዘገብምና። እናንተ ካልነገራችሁን አብሮ ይጠፋል።

በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም አያስፈልግም፤ ቀኑንና የሆነውን ብቻ። ሰብስቤ አስቀምጠዋለሁ።

ቸር ያሰማን።